የኮሎራዶ በረዶ፦ የጉድጓድ ምርመራ የሚነግረንና የማይነግረን

በኮሎራዶ ተራሮች ጃንዋሪና ፌብሩዋሪ ላይ ለሚደርሱት ገዳይ የበረዶ ናዳዎች መነሻው ብዙውን ጊዜ ኦክቶበርና ኖቬምበር ላይ የወረደ ስስ በረዶ ነው። በክረምቱ መግቢያ 30 ወይም 50 ሴንቲሜትር ያህል ይወርድና ሰማዩ ይጠራል። ከዚያ በኋላ ለሳምንታት ምንም ላይጥል ይችላል። ያ ስስ በረዶ ሜዳው ላይና ፀሐይ በሚያገኘው ወገን ይቀልጣል፤ ወደ ሰሜንና ወደ ምሥራቅ በዞሩት ጥላማ ቁልቁለቶች ላይ ግን እንዳለ ይቆያል። አደጋው የሚደገሰው እዚያ ነው። በረዶው ውስጥ ጉድጓድ ቆፍሮ ሽፋኖቹን መመርመር የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው።

ነገሩን በቁጥር ማየት ይቻላል። ከበረዶው ስር ያለው መሬት ክረምቱን ሙሉ 0 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ይቆያል። ከላይ ያለው አየር ጥርት ባለ ሌሊት ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ይደርሳል። የበረዶው ውፍረት 50 ሴንቲሜትር ከሆነ፣ ይህ የ20 ዲግሪ ልዩነት በየ10 ሴንቲሜትሩ ሲካፈል 4 ዲግሪ ይሆናል። የበረዶ ቅንጣቶች እርስ በርስ ተያይዘው እንዲጠነክሩ ልዩነቱ በ10 ሴንቲሜትር ከ1 ዲግሪ ባይበልጥ ይመረጣል። ከዚያ ሲያልፍ ከሞቀው ስር የሚነሣው እንፋሎት ወደ ላይ እየተጓዘ ቅንጣቶቹን ያሳድጋቸዋል፤ ማዕዘን ያወጣሉ፣ ይጠጥራሉ፣ ግን አይያያዙም። ጥቂት ሚሊሜትር ደርሰው በጓንት ሲዘገኑ በጣት መሃል ይንሸራተታሉ። የተራራ ሰዎች ስኳር በረዶ ይሉታል።

ይኸው የ20 ዲግሪ ልዩነት በ2 ሜትር በረዶ ውስጥ ቢሆን በየ10 ሴንቲሜትሩ 1 ዲግሪ ብቻ ነው። ሲያትል አጠገብ ባሉት የካስኬድ ተራሮች በረዶው ወፍራም፣ አየሩም ለዘብ ያለ ስለሆነ፣ ከማዕበል በኋላ ያለው አለመረጋጋት አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይበርዳል። በኮሎራዶ ግን ደካማው ሽፋን ለወራት ይቆያል። በካስኬድ ተራራ የለመደ ሰው «ማዕበሉ ካለፈ ሦስት ቀን ሆኖታል፣ አሁን ደህና ነው» የሚለውን ልምዱን ይዞ ወደ ዴንቨር ሲመጣ ልምዱ ራሱ ያሳስተዋል።

ይህ ለዴንቨርና ለአውሮራ ሐበሻ የሩቅ ጉዳይ አይደለም። ከከተማው በአይ-70 አንድ ሰዓት ገደማ ተነድቶ ላቭላንድ ማለፊያ የተባለው የተራራ መሻገሪያ ላይ መድረስ ይቻላል። ማለፊያው ላይ ደግሞ የመግቢያ በርም፣ የደህንነት ሠራተኛም፣ አጥርም የለም። የስኪ ድርጅቶች በክልላቸው ውስጥ ያለውን ቁልቁለት ማልደው በፈንጂ እየመቱ ሊናድ የሚችለውን ያወርዳሉ። ከክልሉ ገመድ ውጭ፣ መኪና ቆሞ ሕፃናት በሸርተቴ የሚወርዱበት ዳገት ሁሉ ግን ማንም ያልነካው ተራራ ነው።

በረዶው የሚሰበርበት መንገድ

ናዳ ለመነሣት አራት ነገር ይፈልጋል፦ ተያይዞ የጠነከረ የላይ ንጣፍ፣ ከስሩ ደካማ ሽፋን፣ በቂ ተዳፋት፣ እና ቀስቃሽ። ስኳር በረዶው ብቻውን ማንንም አይቀብርም። ዲሴምበር ላይ 40 ሴንቲሜትር አዲስ በረዶ ሲጫንበትና ነፋስ ሲያጠነክረው ነው ነገሩ የሚለወጠው፤ ጤፍ በተዘራበት ወለል ላይ ሰሌዳ እንደ ማኖር ነው። አንድ ሰው ሲረግጠው ከእግሩ ስር ያለው ደካማ ሽፋን ይደቃል፤ ስንጥቁም በሽፋኑ ውስጥ በብርሃን ፍጥነት ባይሆንም ሰው ሮጦ በማያመልጠው ፍጥነት ይሮጣል፣ ንጣፉም በአንድ ጊዜ ይለቃል። ሰውየው ብዙውን ጊዜ የሚገኘው ከተሰነጠቀው ግድግዳ በታች፣ በሚንቀሳቀሰው በረዶ መሃል ነው። በናዳ ከሚሞቱት 10 ሰዎች 9ኙ ገደማ የተያዙት ራሳቸው ወይም አብሯቸው የነበረ ሰው በቀሰቀሰው ናዳ ነው።

የአንድ ሰው ክብደት ወደ ታች የሚሰማው እስከ 1 ሜትር ገደማ ነው። ንጣፉ 1 ሜትር ተኩል በወፈረበት መሃል ላይ አሥር ሰው አልፎ ምንም ላይሆን ይችላል። አሥራ አንደኛው ወደ ዳር ጠጋ ብሎ፣ ከቋጥኝ አጠገብ በረዶው 40 ሴንቲሜትር በሳሳበት ቦታ ሲረግጥ ደካማውን ሽፋን ያገኘዋል፣ ስንጥቁም ወደ ወፍራሙ መሃል ይሮጣል። ለዚህ ነው የሌላ ሰው ዱካ ማስረጃ የማይሆነው። ቁልቁለቱ ላይ ሃያ ዱካ ቢኖር የሚያሳየው ሃያ ሰው ሳሳውን ቦታ እንዳልረገጠ ብቻ ነው።

ከቤት ሳይወጡ የሚሠራው ሥራ

የኮሎራዶ የበረዶ ናዳ መረጃ ማዕከል ክረምቱን ሙሉ በየቀኑ ትንበያ ያወጣል። ከ1 እስከ 5 ያለውን የአደጋ ደረጃ ሁሉም ያየዋል፦ ዝቅተኛ፣ መካከለኛ፣ ጉልህ፣ ከፍተኛ፣ እጅግ ከፍተኛ። ብዙ ሰው የሚሞተው በ5 ሳይሆን በ3 ነው። 4 እና 5 ሲሆን ተራራው ራሱ እየተናደ ስለሚያስፈራ ሰው ቤቱ ይቀራል። 3 ላይ ግን ሰማዩ ጠርቶ፣ በረዶው አምሮ፣ ቁጥሩም መሃል ላይ ተቀምጦ «ደህና ይሆናል» ያሰኛል። የ3 ትክክለኛ ትርጉም ናዳ በራሱ ሊነሣ ይችላል፣ ሰው ከረገጠ ግን የመነሣት ዕድሉ ሰፊ ነው ማለት ነው። 2 ማለትም ቢሆን ሰው ሊያስነሣው ይችላል ማለት ነው።

ከቁጥሩ ይበልጥ የሚጠቅመው ከስሩ ያለው የችግሩ ዓይነት ነው። ትንበያው ችግሩ አዲስ የወረደ በረዶ ነው፣ ነፋስ የከመረው ነው፣ ለረጅም ጊዜ የሚቆይ ደካማ ሽፋን ነው፣ ወይስ የረጠበ በረዶ ነው ብሎ ይለያል። በየትኛው አቅጣጫና ከፍታ እንዳለም በክብ ሥዕል ያሳያል። «ነፋስ የከመረው» ከሆነ በዓይን ታይቶ ሊታለፍ ይችላል፤ ከሸንተረሩ ስር የተቆለለው ለስላሳና ወፍራም ጉብታ ይታያል፣ አንድ ሁለት ቀን ቢታገሡት ይጠነክራል። «ለረጅም ጊዜ የሚቆይ ደካማ ሽፋን» ከሆነ ግን ዓይን አያየውም፣ ቀን መቁጠርም አይበቃም። ያን ቃል ያየ ሰው የዕለቱን መንገድ በዚያው ሌሊት ቢቀይር ይሻላል።

ቀጥሎ ካርታ ነው። ንጣፍ የሚናደው አብዛኛውን ጊዜ ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ባለ ተዳፋት ላይ ነው፤ 38 ዲግሪ አካባቢ ዋናው ነው። ዛሬ ካልቶፖና ጋያ የሚባሉት የስልክ ካርታዎች ተዳፋቱን በቀለም ለይተው ያሳያሉ። ሁለት ነገር ግን ያደናግራል። አንደኛ፣ ካርታው አጫጭር ገደሎችን ያለሰልሳል፤ 27 ዲግሪ ብሎ ያሳየው ዳገት ውስጥ 10 ሜትር ርዝመት ያለው የ36 ዲግሪ እጥፋት ሊኖር ይችላል። ስለዚህ በቦታው ላይ በተዳፋት መለኪያ ወይም በስልኩ መለኪያ እንደገና መለካት ያስፈልጋል፤ ስልኩን በረዶው ላይ በተኛ የስኪ ዱላ ላይ አጋድሞ ማንበብ ይበቃል። ሁለተኛ፣ የሚረገጠው ሜዳ ቢሆንም ከላይ ያለው ቁልቁለት ይቆጠራል። ሜዳ ላይ የተረገጠ ደካማ ሽፋን ስንጥቁን ወደ ላይ ልኮ ከራስ በላይ ያለውን ንጣፍ ሊያስለቅቅ ይችላል።

በመንገድ ላይ የሚታዩት

ከማንኛውም ምርመራ በላይ የሚታመኑ ጥቂት ምልክቶች አሉ። የመጀመሪያው ትኩስ ናዳ ነው፤ በተመሳሳይ አቅጣጫና ከፍታ ላይ ዛሬ ወይም ትናንት የተናደ ቁልቁለት ከታየ መልሱ ተሰጥቷል። ሁለተኛው ከእግር ስር የሚሰማ «ዱም» የሚል የታፈነ ድምፅ ነው፤ አንዳንዴ በረዶው በሴንቲሜትር ዝቅ ሲል ሰውነት ይሰማዋል፣ አጠገብ ያለ ቁጥቋጦም ይርገበገባል። ያ ድምፅ ደካማው ሽፋን ሲደቅ ነው፤ ተዳፋቱ ስላልበቃ ብቻ ነው ሳይናድ የቀረው። ሦስተኛው ከስኪው ጫፍ ወደፊት የሚሮጥ ስንጥቅ ነው።

የአየሩ ነገርም አለ። በ24 ሰዓት ውስጥ 30 ሴንቲሜትር የወረደ በረዶ፣ ወይም በሰዓት ከ2 እስከ 3 ሴንቲሜትር እየጣለ ለሰዓታት የዘለቀ ማዕበል ደካማውን ሽፋን ከአቅሙ በላይ ይጭነዋል። ነፋስ ደግሞ ሰማዩ ጠርቶም ይጭናል። በሰዓት 25 ኪሎሜትር ገደማ ሲደርስ ልል በረዶ ማንሣት ይጀምራል፤ ከአንዱ ወገን ጠርጎ በሌላው ወገን ሲከምር ከሰማይ ከሚወርደው አሥር እጥፍ በፈጠነ ሁኔታ ሊቆልል ይችላል። በኮሎራዶ ነፋሱ በብዛት ከምዕራብ ስለሚመጣ የሚከመረው በምሥራቅ ወገን ነው። ስኳር በረዶውም የተቀመጠው እዚያው ነው፤ ሸክሙና ድክመቱ አንድ ቦታ ላይ ይገናኛሉ። ከሸንተረሩ ላይ ነጭ ጭስ የመሰለ በረዶ እየተነነ ከታየ ማዶው እየተጫነ ነው።

ጉድጓዱ

አሁን ወደ ምርመራው እንግባ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው።

ጉድጓዱ የሚቆፈረው ሊወርዱበት ከታሰበው ቁልቁለት ጋር አቅጣጫው፣ ከፍታውና ተዳፋቱ በሚመሳሰል፣ ግን አጭር በሆነና ከላይ ምንም በማያንዣብብበት ቦታ ነው። ዛፍ ስር አይሆንም፤ ከቅርንጫፍ የወረደ በረዶ ሽፋኖቹን ያበላሻል። ዱካ ያለበትም አይሆንም። አስቀድሞ በመፈለጊያ ዘንግ (የተቀበረ ሰው በሚፈለግበት ረጅም ዘንግ) እየወጉ ጥልቀቱን ማየት ያስፈልጋል፤ 160፣ 150፣ 155 ሴንቲሜትር እያለ መጥቶ ድንገት 70 ካለ ከስሩ ቋጥኝ ስላለ ቦታ ይቀየራል። ስፋቱ 2 ሜትር ያህል፣ ጥልቀቱ ቢቻል እስከ መሬት፣ ካልሆነም 1 ሜትር ከ20 ይሁን። ወደ ዳገቱ የሚያየው ግድግዳ በአካፋ ጠርዝ ቀጥ ብሎ ይላጫል፤ ፀሐይ ባያገኘው ይሻላል።

ከዚያ እጅ ይሠራል። ከላይ ወደ ታች ግድግዳውን በቡጢ፣ ከዚያ በአራት ጣት፣ በአንድ ጣት፣ በእርሳስ፣ በመጨረሻም በቢላ እየገፉ የትኛው እንደሚገባ ማየት ነው። በቀላል ግፊት ቡጢ የሚገባው በጣም ለስላሳ ነው፤ ቢላ ብቻ የሚገባው ጠጣር ነው። የሚፈለገው የአደጋ ምልክት ጠንካራ ሽፋን በለስላሳ ላይ መቀመጡ ነው። ለምሳሌ ከላይ 45 ሴንቲሜትር አንድ ጣት የሚያስገባ ንጣፍ፣ ከስሩ ቡጢ የሚያስገባ 8 ሴንቲሜትር ስኳር በረዶ ከተገኘ ምርመራው ገና ሳይጀመር ግማሹ ታውቋል። የሚያስጠረጥሩት ነገሮች እነዚህ ናቸው፦ ደካማው ሽፋን ከላይ በ1 ሜትር ውስጥ መሆኑ፣ ውፍረቱ 10 ሴንቲሜትር ወይም ያነሰ መሆኑ፣ ከአጎራባቹ ጋር ያለው የጥንካሬ ልዩነት አንድ ደረጃ ወይም በላይ መሆኑ፣ ቅንጣቱ ማዕዘን ያወጣ መሆኑ፣ የቅንጣቱ መጠን ከአጎራባቹ በ1 ሚሊሜትር ወይም በላይ መለየቱ። ከእነዚህ ሦስት ወይም አራት የሚሆኑት አንድ ላይ ከተገኙ ሽፋኑን በቁም ነገር መያዝ ይገባል። ቅንጣቱን ለማየት ሚሊሜትር የተሠመረበት ትንሽ የብረት ሰሌዳና አጉሊ መነጽር ይበቃል። በየ10 ሴንቲሜትሩ ቴርሞሜትር ማስገባትም ደካማው ሽፋን ገና እያደገ ነው ወይስ እየዳነ የሚለውን ይነግራል።

ቀጥሎ የሚሠራው የተራዘመ ዓምድ የሚባለው ምርመራ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2006 አካባቢ ሮን ሲመንሆይስና ካርል በርክላንድ የተባሉ ተመራማሪዎች ያወጡት ነው። ግድግዳው ላይ ወደ ጎን 90 ሴንቲሜትር፣ ወደ ዳገቱ 30 ሴንቲሜትር ይለካል። ሁለቱ ጎኖች በመጋዝ ይቆረጣሉ፤ ጀርባው ደግሞ ቋጠሮ ባለው ቀጭን ገመድ፣ ሁለት ዘንግ በማዕዘኖቹ ላይ ተክሎ ገመዱን ወደፊትና ወደ ኋላ በመጎተት ከደካማው ሽፋን በታች እስኪደርስ ይቆረጣል። አካፋው በዓምዱ አንድ ጫፍ ላይ ይጋደማል። በእጅ አንጓ ብቻ 10 ጊዜ፣ ክርንን እያነሡ 10 ጊዜ፣ ከትከሻ ጀምሮ ክንድን በሙሉ እየጣሉ 10 ጊዜ ይመታል። ክንዱ በራሱ ክብደት ይውደቅ እንጂ አይገፋም።

የሚጠበቀው ስንጥቁ ነው። በ14ኛው ምት ከአካፋው ስር ስንጥቅ ተፈጥሮ በዚያው ወይም በሚቀጥለው ምት 90 ሴንቲሜትሩን ሙሉ ካቋረጠ፣ ዓምዱ እንደ መሳቢያ ወደፊት ሸርተት ይላል፤ ያ ንጣፍ ስንጥቅ ያስተላልፋል ማለት ነው። ስንጥቁ ከአካፋው ስር ብቻ ቀርቶ ሌላው ካልተነካ አያስተላልፍም፤ 30ው ምት አልቆ ምንም ካልሆነ ደግሞ ምንም አልተገኘም ተብሎ ይመዘገባል። ቁጥሩ 14 ይሁን 22 ከመሆኑ ይልቅ ማቋረጡ ይበልጣል። ጀማሪ ሁሉ «ስንት ምት ፈጀ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ጥያቄው «ተሻገረ ወይ?» መሆን ነበረበት።

የሚበላሸው ብዙ ነው። ጀርባው ሙሉ በሙሉ ሳይቆረጥ ከቀረ ዓምዱ ከኋላ ተይዞ «ጠንካራ» ይመስላል። ጎኖቹ ወደ ውስጥ ካጋደሉ ስፋቱ ከስር ያንሳል። ከላይ ያለው በረዶ በጣም ልል ከሆነ አካፋው እየሰመጠ ኃይሉን ይውጠዋል። ከሁሉ የከፋው ግን ደካማው ሽፋን ከ1 ሜትር በታች ሲሆን ነው፤ የምቱ ኃይል አይደርሰውም፣ ውጤቱም «ምንም አልተገኘም» ይሆናል። በኮሎራዶ ፌብሩዋሪ ላይ የኖቬምበሩ ስኳር በረዶ የሚገኘው በዚህ ጥልቀት ነው። እንዲህ ሲሆን የመጋዝ ምርመራ ይሻላል፦ ወርዱ 30 ሴንቲሜትር፣ ወደ ዳገቱ ርዝመቱ 1 ሜትር የሆነ ዓምድ ይለያል፤ ሽፋኑ ከ1 ሜትር ከጠለቀ ርዝመቱ ከጥልቀቱ ጋር እኩል ይደረጋል። ከዚያ የመጋዙ ጥርስ የሌለው ጀርባ በደካማው ሽፋን ውስጥ ከታች ወደ ላይ ይሳባል። ግማሹ ሳይቆረጥ ስንጥቁ በራሱ እስከ ጫፍ ከሮጠ ንጣፉ ለመሄድ የተዘጋጀ ነው።

ውጤቱ መጥፎ ሲሆን አጠቃቀሙ ቀላል ነው፤ ቁልቁለቱ ይተዋል። ችግሩ ውጤቱ ጥሩ ሲሆን ነው። ያ ዓምድ የቁልቁለቱ እጅግ ትንሽ ክፍል ነው። ደካማው ሽፋን 10 ሜትር ርቆ በሳሳ ቦታ ላይ፣ ወይም ነፋሱ ሌላ ሸክም በጨመረበት እጥፋት ውስጥ ሌላ ጠባይ ሊኖረው ይችላል። ስለዚህ ትንበያው ለረጅም ጊዜ የሚቆይ ደካማ ሽፋን አለ ብሎ፣ በመንገድ ላይ «ዱም» ተሰምቶ፣ ከዚያ ጉድጓዱ «ምንም አልተገኘም» ቢል ትንበያውና ድምፁ ነው የሚታመኑት። ጉድጓድ ዕቅድን ለማጥበቅ ይጠቅማል፤ ዕቅድን ለማላላት ከዋለ ሰው ይገድላል። ይህን የምንለው መቆፈርን ለማቃለል አይደለም። በየሳምንቱ የሚቆፍር ሰው ሽፋኑ ከኖቬምበር እስከ ማርች ምን እንደሆነ ያውቃል፣ ያ እውቀት ምትክ የለውም። የአንድ ቀን ጉድጓድ ግን ለዚያ ቀን ፈቃድ አይሰጥም።

ሺፕ ክሪክ

እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 20 ቀን 2013 በላቭላንድ ማለፊያ አቅራቢያ፣ ሺፕ ክሪክ በተባለ ቦታ 6 ሰዎች ናዳ ውስጥ ገብተው 5ቱ ሞቱ። አደጋው አሁንም የሚጠናው ሰዎቹ ያላወቁት ነገር ስለነበረ አይደለም። የዕለቱ ትንበያ ጥልቅ ደካማ ሽፋን እንዳለ ገልጾ ነበር፤ እነሱም ወደ ሰሜን የዞረው ቁልቁለት አደገኛ መሆኑን ተነጋግረው ደህና ወደሚመስላቸው ሌላ ወገን ለመሄድ አስበው ነበር። ወደዚያ ለመድረስ ግን የአደገኛውን ቁልቁለት ግርጌ ማቋረጥ ነበረባቸው። በመካከላቸው ርቀት ጠብቀው ሲያቋርጡ ከእግራቸው ስር ደካማው ሽፋን ደቀቀ፤ ከላያቸው ያለው ቁልቁለትም ከመሬት አካባቢ ጀምሮ ለቀቀ። የተሰነጠቀው ግድግዳ በአንዳንድ ቦታ ከ3 ሜትር በላይ ነበር። ሁሉም አንድ ላይ ተቀበሩ፤ ከውጭ ቆሞ የሚፈልግ አልቀረም። በሕይወት የተረፈው አንዱ ለሰዓታት ተቀብሮ ቆይቶ ነው የወጣው።

ከዚህ የሚወሰደው ተጨባጭ ነገር የርቀቱ ጉዳይ ነው። ጥቂት ሜትር ተራርቆ መሄድ እያንዳንዱ የሚያርፍበትን ሸክም ይቀንሳል፣ ነገር ግን ሁሉም በአንድ ናዳ መንገድ ውስጥ ካሉ ምንም አያድንም። አንድ ሰው ሲያቋርጥ ሌሎቹ ናዳው ከማይደርስበት ሆነው ማየት አለባቸው። የናዳው ማረፊያ የት ድረስ እንደሆነ ለመገመት ከቆሙበት ወደ ቁልቁለቱ አናት በተዳፋት መለኪያ ማነጣጠር ይቻላል፤ ከ20 ዲግሪ በላይ ካነበበ ትልቅ ናዳ ሊደርስ ይችላል ተብሎ ይታሰባል፣ አንዳንድ ጊዜ ከዚያም ያልፋል። የተሰበሩና ቅርንጫፋቸው በአንድ ወገን የተላጨ ዛፎችም ይመሰክራሉ።

በ2020/21 ክረምት ይኸው የመጀመሪያው ወራት ድርቅና የስኳር በረዶ ጠባይ በሰፊው ታየ፤ በኮሎራዶ 12 ሰው፣ በመላው አሜሪካ 37 ሰው ሞተ።

ከተቀበሩ

ሰው በ10 ደቂቃ ውስጥ ከወጣ የመትረፍ ዕድሉ 90 በመቶ ገደማ ነው። በግማሽ ሰዓት ወደ አንድ ሦስተኛ ይወርዳል። የአደጋ ሠራተኞች በዚህ ጊዜ ውስጥ አይደርሱም፤ የሚያወጣው አብሮ የነበረው ሰው ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ሰው በ457 ኪሎኸርዝ የሚሠራ ቢከን (የሬዲዮ ምልክት የሚልክና የተቀበረን ሰው የሚፈልግ መሣሪያ) በሰውነቱ ላይ ታጥቆ፣ 240 ሴንቲሜትር ወይም የሚረዝም መፈለጊያ ዘንግና የብረት አካፋ በቦርሳው ይዞ መውጣት አለበት። ቢከኑ ቦርሳ ውስጥ ከሆነ ቦርሳው ይገኛል፣ ሰውየው ላይገኝ ይችላል። ስልክ ቢከኑን ያሳውረዋል፤ ሲላክ 20፣ ሲፈለግ 50 ሴንቲሜትር ይራቅ። ዘንጉ ሰው ሲነካ ተወግቶ ይቀራል፤ ከዘንጉ በታች፣ የተቀበረበትን ጥልቀት አንድ ተኩል ጊዜ ያህል ወርዶ ወደ ጎን መቆፈር ይጀመራል። ቀጥታ ከላይ የሚቆፍር በሰውየው አየር ላይ ይቆማል፣ አፈራርሶም ይመልስበታል። 1 ሜትር የተቀበረን ሰው ለማውጣት ከ1 ቶን በላይ በረዶ መነሣት አለበት፤ በእጅ አይሞከርም።

911 ለመደወል በክፍያ ምክንያት ማመንታት አያስፈልግም፤ የኮሎራዶ የተራራ ፍለጋ ቡድኖች በጎ ፈቃደኞች ናቸው፣ ለፍለጋው አያስከፍሉም። የሕክምና ሄሊኮፕተር ሂሳብ ግን ሌላ ነገር ነው።

መንገድ ላይ ለሚውሉት

ስኪ የማያውቅ ሹፌርም በናዳ መንገድ ስር ያልፋል። ነዳጅና ሌላ አደገኛ ጭነት የያዘ ከባድ መኪና በአይዘንሃወር ዋሻ ማለፍ ስለማይፈቀድለት በላቭላንድ ማለፊያ በኩል፣ በዩኤስ 6 ይሄዳል። ማለፊያው ሲዘጋ በዋሻው በሰዓት በሰዓቱ ታጅቦ ያልፋል። የሚጠብቅ ሹፌር ታዲያ መሐል መንገድ ላይ፣ «የናዳ አካባቢ፣ መቆም ክልክል» ከሚለው ምልክት አጠገብ መኪናውን ማቆም የለበትም። በላቭላንድና በቤርተድ ማለፊያዎች የመንገድ ባለሥልጣኑ ከርቀት ጋዝ እያፈነዳ በረዶውን የሚያወርድ መሣሪያ ተክሏል፤ የሚዘጋው መንገድ የሚዘጋው ብዙውን ጊዜ ለዚህ ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በማርች 2019 የወረደው ከባድ በረዶ በፍሪስኮና በኮፐር ማውንቴን መካከል አይ-70 ድረስ ናዳ አውርዷል። ወደ ቬይልና ብሬክንሪጅ መንገደኛ የሚያመላልስ ሰው የመንገዱን ሁኔታ ከመነሣቱ በፊት ቢያይ፣ መኪናው ውስጥም ብርድ ልብስ፣ ውሃና አካፋ ቢኖር ለብዙ ሰዓት መዘጋት ይዘጋጃል።

ልጆችን በሸርተቴ ማጫወት ለሚፈልግ ደግሞ፣ ከማለፊያው ዳገት ይልቅ በሮኪ ማውንቴን ብሔራዊ ፓርክ ያለው ሂደን ቫሊ ለዚሁ የተፈቀደ ቦታ ነው። አጭር ዳገትም አይናቅ፤ 10 ሜትር ቁልቁለት ከስሩ ወንዝ ወይም ቦረቦር ካለው የወረደው ትንሽ በረዶ እዚያ ተጠራቅሞ ሰው ይቀብራል።

ደካማው ሽፋን መቼ ይድናል?

የኖቬምበሩ ሽፋን የሚድነው በላዩ ያለው በረዶ ወፍሮ የሙቀት ልዩነቱ ሲቀንስ ነው። ያኔ ማዕዘኖቹ ይሟሟሉ፣ ቅንጣቶቹ ይከብቡና ይያያዛሉ። በአንዳንድ ክረምት ይህ ማርች ላይ ይሆናል፤ በረዶው ሳስቶ በቀረበት ዓመት ግን እስከ ፀደይ ሙቀት ድረስ አይሆንም። ኤፕሪል ላይ ሌላ ችግር ይተካዋል። የቀን ፀሐይ ያቀለጠው ውሃ ወደ ታች እየዘለቀ ያንኑ አሮጌ ሽፋን ያርሰዋል። በዚህ ወቅት የሚመረመረው ሌሊቱ ነው። ሌሊት ሰማዩ ጠርቶ በረዶው ከቀዘቀዘ ጠዋት እንደ አስፋልት ይጠጥራል፤ ደመና ሸፍኖት ሳይቀዘቅዝ ካደረ፣ በተለይ ሁለትና ሦስት ሌሊት ከተደጋገመ፣ ጠዋት ማለዳም ቢሆን አይወጣበትም። በቀዘቀዘበት ቀን ምሥራቅ ወገኑ ቀድሞ ይለሰልሳል፣ ከዚያ ደቡቡ፣ መጨረሻ ምዕራቡ። ከገጹ እየተንከባለሉ የሚወርዱ የበረዶ ጥቅልሎች ከታዩ፣ ወይም ጫማው እስከ ቁርጭምጭሚት መስመጥ ከጀመረ፣ ገና ከቀኑ አምስት ሰዓት ቢሆንም የዚያ ወገን ጊዜው አልቋል፤ ወደ ጥላው መዞር ወይም መውረድ ነው።